ስንቅ፦ የዓድዋ ዘመቻና ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ሥራ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለ ዋለው ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት የአበጋዞቹን ስም፣ የመድፉን ብዛት፣ የተራሮቹን አቀማመጥና የውጊያውን ሰዓት በየተራ ይዘረዝራሉ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ የተሰቀሉት ሥዕሎችም ንጉሠ ነገሥቱን፣ እቴጌይቱን፣ መኳንንቱን፣ ከበላያቸውም ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረስ ያሳዩናል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ነጋሪት ሰምቶ የተነሣው ወታደር በስልቻው የያዘውን በሶ ማን ቆላው? ማን ፈጨው? ገብሱን ማን ዘራው? ከሸዋ ወይም ከጎጃም እስከ ትግራይ ድረስ ማን ተሸክሞ አደረሰው? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የሚያገኘው መልስ እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ተራ ይመስላል። በመሠረቱ ግን አንድ ሕዝብ ታሪኩን እንዴት አድርጎ እንደሚረዳ የሚወስን ጥያቄ ነው። ታሪክ ማለት በጥቂት ታላላቅ ሰዎች ፈቃድ የሚፈጸም ድርጊት ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሕዝብ በታሪክ ውስጥ ያለፈ እንጂ ታሪክን የሠራ አይሆንም። በአንጻሩ የዕለት ተዕለት ሥራ፣ ማለት ማረስ፣ ማጨድ፣ መፍጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ ጭነት መጫን፣ ለታላቁ ድርጊት መሠረት መሆኑ በማስረጃ ከታየ፣ የታሪክ ባለቤትነት ወሰን ይሰፋል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ በአንድ የታወቀ ምሳሌ፣ በዓድዋ ዘመቻ ስንቅ፣ ለመመርመር ይሞክራል።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ማርክ ብሎክና ሉሲየን ፌቭር እ.ኤ.አ. በ1929 ያቋቋሙት የታሪክ መጽሔት ተመራማሪዎችን ከቤተ መንግሥት ወደ እርሻውና ወደ ገበያው እንዲመለከቱ አድርጓል። በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ የሸማኔውንና የእጅ ሠራተኛውን ኑሮ የታሪክ ዋና ጉዳይ አድርጎታል። በአገራችንም ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ስለ ግብር፣ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግቢ አስተዳደር የያዘው ዝርዝር፣ እንዲሁም ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ፣ ለእንዲህ ያለው ጥናት በር ከፍተዋል።

ከክፉ ቀን በኋላ

የዓድዋን ስንቅ ጉዳይ ለመረዳት ከዘመቻው ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ ወደብ በኩል ለኢጣልያ ጦር ከገቡት ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ወደ አገሪቱ ገባ። በሽታው ከትግራይ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳረሰ። አብዛኛው የቀንድ ከብት አለቀ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናቡም ጎደለ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን ሰብል በላ። ሕዝቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን ይህን ዘመን «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ስያሜው ራሱ ማስረጃ ነው። ዘመኑን በንጉሥ ስም ወይም በጦርነት ስም አልጠራውም፤ በኑሮው ጠራው።

በዚያ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩና ሕዝቡም ያለ በሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ እንዳበረታቱ በዜና መዋዕላቸው ተጽፎ ይገኛል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የንጉሡን ትሕትና ለማመስገን ነው። ከሌላ አቅጣጫ ሲታይ ግን የሚነግረን ሌላ ነገር አለ። በሬ በሌለበት አገር እርሻው ያገገመው በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ክንድ ነው። የንጉሡ ዶማ ለምሳሌነት አንድ ቀን ወይም ጥቂት ቀን ቆፍሮ ይሆናል፤ የገበሬው ዶማ ግን ከዓመት እስከ ዓመት አላረፈም።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። ክፉ ቀን ካበቃ ከአራት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ያው የተራበው አገር ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሠራዊት ሰብስቦ፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ዓድዋ ለማዝመት በቃ። የጦር መሣሪያው ከባሕር ማዶ በግዢና በስጦታ ሊመጣ ይችላል። እህሉ ግን ከዚሁ ከአገሩ መሬት መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ከዓድዋ ድል በፊት ሌላ ድል ነበረ ማለት ይቻላል። ይኸውም ጎተራውን እንደገና የሞላው የገበሬው ድል ነው።

በዚህ ላይ አንድ የአስተዳደር ለውጥ ታክሏል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዳግማዊ ምኒልክ አሥራት እንዲከፈል አዘዙ። ከዚያ በፊት ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ መቀለቡ የተለመደ ነበር፤ ይህም ለገበሬው የመከራ ሁሉ መከራ ነበር። አሥራቱ ከምርቱ ከአሥር አንዱ ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲገባ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ የታሰበ ሥርዓት ነው። አፈጻጸሙ በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ድርጎውና ምሪቱም በብዙ ስፍራ አልቀረም። ቢሆንም የተከማቸ እህል የሌለው መንግሥት ለረጅም ዘመቻ ክተት ለማለት እንደማይችል ግልጽ ነው።

የስንቅ ስሌት

የመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሠራዊቱ በጥቅምት ወር ወረ ኢሉ ላይ እንዲገናኝ ያዝዛል። ዛሬ በምናውቀው መልክ የተደራጀ የስንቅና ትጥቅ ክፍል አልነበረም። እያንዳንዱ ወታደር ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይነሣል፤ ባለ ጉልቱና ሹሙ ለተከታዮቹ ያስጭናል፤ የቀረው በመንገድ ላይ ከሚገኘው አገር ይሰበሰባል። የሥራው መጠን ምን ያህል እንደነበረ ለመገመት ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። ቁጥሮቹ በሰነድ የተገኙ አይደሉም፤ የነገሩን ክብደት ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው።

አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበቃዋል ብለን እናስብ። ይህ ተራራ ለሚወጣና ጋሻና ጠመንጃ ለሚሸከም ሰው አነስተኛ ቀለብ ነው። ለ100 ሺህ ሰው በቀን 50 ሺህ ኪሎ፣ ማለት 500 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ቢባል፣ የአንድ ቀን ቀለብ ብቻ አንድ ሺህ የአህያ ጭነት ይሆናል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት 23 ድረስ ወደ 130 የሚጠጋ ቀን አለ። ሠራዊቱ ሁሉ በአንድ ቀን የከተተ ባይሆንም፣ የእህሉ መጠን በአሥር ሺህ ኩንታሎች የሚቆጠር መሆኑ አያጠራጥርም።

እህል ደግሞ እንዳለ አይበላም። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በቆሎና በንፍሮ መልክ ይበላል፣ ግማሹ ብቻ ይፈጫል ብንል በቀን 25 ሺህ ኪሎ ዱቄት ያስፈልጋል። አንዲት ሴት በድንጋይ ወፍጮ በአንድ ሰዓት ሁለት ኪሎ ብትፈጭ፣ የቀኑ ሥራ 12 ሺህ 500 ሰዓት ይፈጃል። በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት የሚፈጩ 2 ሺህ 500 ሴቶች ማለት ነው። ይህም ውሃ መቅዳቱን፣ እንጨት መልቀሙን፣ መጋገሩንና ወጥ መሥራቱን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ ከዘመተው ሠራዊት ጎን በመዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ሠራዊት እንደነበረ ስሌቱ ራሱ ያመለክተናል።

ከአውድማ እስከ ስልቻ

ስንቅ የሚባለው ምግብ የራሱ ጥበብ አለው። ዋናው መመዘኛው ሦስት ነው፤ እንዳይበላሽ፣ እንዳይከብድና ያለ እሳት እንዲበላ። ጠላት በቀረበበት ስፍራ ጭስ ማሳየት አይቻልም፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳም ማገዶ አይገኝም። በሶ ይህን ሁሉ ያሟላል። ገብሱ ታምሶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ዱቄቱ በስልቻ ይቋጠራል። ወታደሩ በእፍኙ ወስዶ በውሃ ለውሶ ይበላዋል፤ ወይም በጥብጦ ይጠጣዋል። በቅቤና በቅመም ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ብዙ ቀንም ይቆያል። ድርቆሹ ከተጋገረ እንጀራ ይዘጋጃል፤ ዳቦ ቆሎው እየተጠቀለለና እየተከተፈ ይቆላል፤ ቋንጣው በገመድ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ በርበሬውም ተደልሆ ወይም ተደቁሶ ይያዛል።

እያንዳንዱ ስም ከኋላው የብዙ ሰዓት ድካም አለበት። ገብስ ለበሶ ሲዘጋጅ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እሳት ላይ ይወጣል፤ ሁለት ጊዜ በእጅ ይሠራል። ሴትዮዋ በወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋለች። ሥራው ክንድን፣ ወገብንና ጉልበትን ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ ስለሆነ እንቅልፍንም ይነሣል። በብዙ አገር ሴቶች ድካማቸውን በእንጉርጉሮ ያስታግሱት ነበር። በእንጉርጉሮው ውስጥ የባል መሄድ፣ የአማት ክፋት፣ የድኻነት ምሬት ይነገራል። ሊቃውንት በብራና ላይ ያላሰፈሩት የብዙ ሴቶች ሐሳብ የተቀመጠው በዚህ የወፍጮ ዜማ ውስጥ ነው።

ስንቁ በቤት ውስጥ ሲዘጋጅ መላው ቤተሰብ ይሳተፍበታል። ልጆች እህል ይለቅማሉ፤ አሮጊቶች እሳቱን ይጠብቃሉ፤ ስልቻውንና አቁማዳውን ፋቂ ያለፋዋል፤ ማረሻውን፣ ጦሩንና የበቅሎውን ልጓም ቀጥቃጭ ይሠራዋል። የቆዳና የብረት ሠራተኞቹ በዘመኑ ኅብረተሰብ የተናቁ፣ አብረዋቸው ለመብላትና ለመጋባት ብዙዎች የሚጠየፏቸው ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ያለ እነሱ እጅ አንድም ዘማች ከቤቱ ሊወጣ አይችልም ነበር። የድሉን ባለቤቶች ስንቆጥር ይህን ተቃርኖ መሸፈን አይገባም።

በቤተ መንግሥቱና በታላላቅ መኳንንት ቤትም ሥራው በየክፍሉ ተከፋፍሎ ነበር። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እየተባለ የየራሱ አለቃ ነበረው። ከአለቃው በታች ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ ከፈጩት፣ ከጋገሩትና ከተሸከሙት መካከል በፈቃዳቸው ያልዘመቱ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። ስለ ነጻነት በተደረገው ጦርነት ነጻነት የሌላቸውም ተካፍለዋል። ድሉ ታላቅ መሆኑ ይህን እውነት አያጠፋውም፤ ይህም እውነት ድሉን አያሳንሰውም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ማስተማር የታሪክ ሙያ ግዴታ ነው።

ሰፈሩና ውሃው

የኢትዮጵያ ሠራዊት ሰፈር ተንቀሳቃሽ ከተማ ነበር። ድንኳኖቹ በዘፈቀደ አይተከሉም። የንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን በመካከል ይቆማል፤ የመኳንንቱም ስፍራ በፊት፣ በኋላ፣ በቀኝና በግራ በልማድ የተወሰነ ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚሉት ማዕረጎች ከዚሁ አሰላለፍ የመጡ ናቸው። አንድ ሰው ጨለማ ቢሆንበት እንኳ የንጉሡን ድንኳን አይቶ የጌታውን ሰፈር ሊያገኝ ይችላል። ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት፣ ሣር አጭዶ የሚመጣ አሽከር፣ ከኋላ የቀረ ባለ ጭነት ሁሉ መንገዱን የሚያውቀው በዚህ ሥርዓት ነው። የማዕረጉ ስሞች የተዋጊውን ስፍራ ሰይመዋል። የሚፈጩትንና የሚሸከሙትን የሚሰይም ማዕረግ ግን የለም፤ ስማቸውም ከሥራቸው ጋር አብሮ አልፏል።

በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተፈጸመው ነገር የዕለት ተዕለት ዕውቀት የጦርነትን ዕጣ ሊወስን እንደሚችል ያሳያል። በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው የኢጣልያ ጦር በጠንካራ ምሽግ ውስጥ ነበር፤ በግንባር የተደረገውም ማጥቃት ብዙ ሰው አስጨርሶ ውጤት አላመጣም። በመጨረሻ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ። በውስጥ ያሉት በጥም ተጨነቁ፤ በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቅቀው ወጡ። ይህ ምክር የእቴጌይቱን ብልኅነት ያስመሰክራል። ከዚህም ጋር የሚነግረን ነገር አለ። አንድ ቤት ወይም አንድ ሰፈር ያለ ውሃ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል፣ ማድጋ ሲጎድል ምን እንደሚከተል በይበልጥ የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱትና ቤት የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። የምንጩ መያዝ የጓዳ ዕውቀት ወደ ጦር ስልት የተለወጠበት ድርጊት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዓድዋም ቀን እቴጌይቱ በሰፈሩ ያሉትን ሴቶች አሰባስበው ለተዋጊዎቹ ውሃ እንዲያደርሱ ማድረጋቸው ተጽፏል። ከማለዳ ጀምሮ በባሩድ ጭስና በፀሐይ መካከል ለሚዋጋ ሰው አንድ ቅል ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት የጦር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ውሃ የተሸከመችው ሴት ጋሻ የላትም፤ ጥይቱ ግን ተዋጊና ውሃ ቀጂ አይለይም።

ሁለት ሠራዊት፣ አንድ ረሃብ

ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን ለምን ሆነ? ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ተሰጥቷል፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቁጣ የተመላበት ቴሌግራም፣ የጄኔራል ባራቲየሪ የማመንታት ጠባይ፣ የካርታው ስሕተት ይጠቀሳሉ። ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከሁሉም ሥር ግን ስንቅ አለ። ባራቲየሪ 17 ሺህ ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ሳውሪያ ላይ ሰፍሮ ሳለ ቀለቡ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ነበር። ጄኔራሎቹን ሰብስቦ በመከረበት ጊዜ የቀረቡት ምርጫዎች ሁለት ነበሩ፤ ወደ ኋላ መመለስ ወይም መግጠም። በዚያው ወቅት የኢትዮጵያም ሠራዊት ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር። ሰፈሩን ሳይለቅ የሚቆይበት ቀን የተቆጠረ ነበር፤ ከሠራዊቱም ከፊሉ በየዕለቱ ቀለብ ፍለጋ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ሠራዊቶች መካከል አንድ ስውር ውድድር ይካሄድ ነበር፤ ቀድሞ የሚራበው ማን ነው የሚል።

በዚህ ውድድር ላይ የአካባቢው ሰው የራሱን ድርሻ ጨምሯል። በየካቲት ወር ራስ ስብሓትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከኢጣልያ ወገን ተለይተው የጠላትን የኋላ መንገድ ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ከምጽዋ የሚመጣው የስንቅ ጉዞ ተደናቀፈ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ያስነሡት ዐመፅ ዋና ምክንያቱ የገበሬው መሬት ለኢጣልያ ሰፋሪዎች መወሰዱ ነበር። ስለ ርስቱ የተቆረቆረ ገበሬ ቁጣ የታላቁ ጦርነት መቅድም ሆኗል ማለት ነው። በሮም የተነደፈው የቅኝ ግዛት ዕቅድ የተሰናከለው በጦር ሜዳ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ በእርሻ ድንበርና በበቅሎ መንገድም ላይ ተሰናክሏል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የትግራይ ባላገር የከፈለው ዋጋ መታለፍ የለበትም። አገሩ ከግብጽ፣ ከድርቡሽና ከኢጣልያ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ለሃያ ዓመት ያህል የሠራዊት መተላለፊያ ሆኖ ቆይቷል። የከብቱ እልቂትም በመጀመሪያ የደረሰው በእርሱ ላይ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ሠራዊት በአንድ ጊዜ በማሳው ላይ ሰፈረ። የወገን ሠራዊትም ቢሆን ይበላል፤ ፈረሱና በቅሎውም ሣሩን ይጨርሳል። ድርጎ በሥርዓት ሲጠየቅ ሸክም ነው፤ በጉልበት ሲወሰድ ዝርፊያ ነው። ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ለዘማች ያስረከበው ገበሬ በሰኔ ምን ዘራ? የሚለው ጥያቄ በድል መዝሙሮቻችን ውስጥ ስፍራ አላገኘም። የድሉን ዕዳ በመጨረሻ የከፈለው ግን እርሱ ነው።

ምስክሮቹ የት አሉ?

ስለ ተራው ሰው ኑሮ የሚያጠና ባለሙያ የመጀመሪያ ችግሩ የምንጭ እጦት ነው። ዜና መዋዕል የተጻፈው ለነገሥታት ክብር ነው። ይሁን እንጂ በጥንቃቄ የተነበበ እንደ ሆነ ዜና መዋዕልም ሳያስበው ብዙ ይመሰክራል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መጽሐፍ ሠራዊቱ የት እንዳደረ፣ ስንት ቀን እንደ ሰነበተ ሲዘረዝር፣ በእግረ መንገዱ ውሃና ሣር የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታል። «ዝክረ ነገር» የማር፣ የእህልና የሰንጋ ግብሩን፣ ዕቃ ጭኖ የማድረስ ግዴታ ያለበትን የመሬት ሥሪት ሲያትት ከኋላው ያለውን የገባሩን ኑሮ ያሳየናል። በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩት የመሬት ሽያጭ፣ የውርስና የዋስትና ጽሑፎችም በንጉሥ ታሪክ ውስጥ የማይገቡ ሰዎችን ስም ይዘዋል።

ሁለተኛው ምስክር ዕቃው ነው። ለዘመናት የተገፋ ወፍጮ መካከሉ ይጎደጉዳል። የጉድጓዱ ጥልቀት በሰነድ ያልተጻፈ የሥራ መዝገብ ነው። በየቤተ መዘክሩ ጎራዴውና ጋሻው በመስታወት ውስጥ በክብር ሲቀመጥ፣ ወፍጮው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በ«ባህላዊ የቤት ዕቃ» ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ባለቤት ሳይጠቀስለት ነው። ጎራዴው ታሪክ አለው፤ ወፍጮው ግን ልማድ ብቻ ነው የሚል ፍርድ በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ተሰውሯል። ፍርዱ ሊመረመር ይገባዋል።

ሦስተኛው ምስክር ሰው ነው። ከዓድዋ ዘማቾች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም፤ እነርሱን መጠየቅ አይቻልም። ይሁን እንጂ የሞተር ወፍጮ በየገጠሩ ከመስፋፋቱ በፊት በልጅነታቸው በድንጋይ ወፍጮ የፈጩ፣ ለመንገደኛ ስንቅ የቋጠሩ፣ በእንስራ ውሃ የቀዱ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሠሩበት መሣሪያና የሠሩበት ስልት በ1888 ዓ.ም. ከነበረው እጅግም የራቀ አይደለም። አንድ ቁና ገብስ ለበሶ ለማዘጋጀት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንቁ ስንት ቀን ይቆያል? የቱ እህል ለመንገድ ይሻላል? ለሚሉት ጥያቄዎች ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው።

በእርግጥ እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የአንድ አካባቢ ልማድ ለመላው አገር ሊወሰድ አይገባም። ዘማቾቹ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ልዩ ልዩ ምግብ የለመዱ ነበሩ። ጤፍ የማያበቅለው አገር ስንቅ ከጤፍ አገር ስንቅ ይለያል። ሁለተኛ፣ የተራውን ሰው ኑሮ ለማክበር ሲባል መከራውን ማስጌጥ ተገቢ አይደለም። ወፍጮ መፍጨት ክቡር ሥራ ነው ብሎ ማወደስ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ከሥራው ለመገላገል ዕድል ያገኘች ሴት ሁሉ እህሏን ተሸክማ ረጅም መንገድ ወደ ሞተር ወፍጮ መሄድን መርጣለች። ይህ ምርጫዋ ራሱ ምስክርነት ነውና ሊደመጥ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው የዓድዋን ታሪክ ለመለወጥ የቀረበ አይደለም። የአበጋዞቹ ብልኅነት፣ የተዋጊው ጀግንነት፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ አመራር በስፍራቸው ይጸናሉ። የተጨመረው ከሥራቸው ያለው መሠረት ነው። ያ መሠረት ከክፉ ቀን በኋላ ምድሩን በዶማ የቆፈረው ገበሬ፣ ሌሊት ተነሥታ የፈጨችው ሴት፣ የተናቀው ፋቂና ቀጥቃጭ፣ በግድ የተጫነው ባሪያ፣ የዘር እህሉን የሰጠው የትግራይ ባላገር ነው። እነዚህን ሰዎች ከታሪኩ ብናወጣ ሠራዊቱ ከወረ ኢሉ ማለፍ አይችልም ነበር።

የዕለት ተዕለት ሥራ ትርጉም የሚገኘውም በዚህ ነው። ገብስ የምትቆላው ሴት የአፍሪካን ታሪክ እለውጣለሁ ብላ አልቆላችም፤ ዘመዷ በመንገድ እንዳይራብ ብላ ነው። ነገር ግን የብዙ ሺህ ሰዎች እንዲህ ያለ ትንሽ አሳብ ተደምሮ አንድ ታላቅ ነገር ሆነ። ታላቅነት ከትንንሹ ሥራ ውጭ የቆመ ሌላ ነገር እንዳልሆነ የስንቅ ታሪክ ያስረዳል።

በማስተማርም ሆነ በምርምር ሥራ ላይ ለተሰማራን ባልደረቦች ከዚህ የሚከተለው ተግባር ቀላልና ግልጽ ነው። በየካቲት ወር ስለ ዓድዋ ስናስተምር ከአበጋዞቹ ስም ጋር የስንቁን ስሌት በሰሌዳ ላይ እንጻፍ። ተማሪዎች አያቶቻቸውን ስለ ወፍጮ፣ ስለ ውሃና ስለ ጭነት ጠይቀው መልሱን ከነቦታውና ከነዘመኑ በደብተር ይመዝግቡ። በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ይህ መዝገብ የሚቀመጥበት አንድ መደርደሪያ ይመደብለት። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃል። ጊዜውም አጭር ነው፤ የሚጠየቁት እናቶች ዕድሜያቸው ገፍቷልና።